ስንተኛ ክፍል ነህ አልልም

ቅዳሜ ጠዋት የሕፃናት ንባብ ክፍላችን ሲከፈት ቀድመው የሚገቡት ልጆቹ ሳይሆኑ እናቶቻቸው ናቸው። ልጁ በሩ ላይ ሲንቀረፈፍ እናቱ ጠረጴዛዬ ጋ ደርሳ «እህቴ፣ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ሥነ ምግባር የሚያስተምር መጽሐፍ ስጪልኝ» ትለኛለች። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት እሺ ብዬ የተባለውን ከመደርደሪያው አወጣ ነበር። መጽሐፉ በሁለት ሳምንቱ ይመለሳል፤ ዕልባቱ ግን ገጽ 12 ላይ እንደተሰካ ነው።

አሁን ክፍሉን አልጠይቅም። ወደ ልጁ ዞሬ «ጀምረህ የተውከው መጽሐፍ የትኛው ነው? የቱ ጋ ሰለቸህ?» እለዋለሁ። የወደዱትን ስጠይቃቸው ልጆች እኔን ደስ ይላታል ያሉትን ይመልሱልኛል፤ ስለ ሰለቻቸው መጽሐፍ ግን አይዋሹም። «ምንም ነገር አይፈጠርም» የሚል ልጅና «ስሞቹ በዙብኝ» የሚል ልጅ አንድ ክፍል ቢማሩም አንድ መጽሐፍ አይሰጣቸውም። ከዚያ የመረጥኩለትን መሃሉ ላይ ከፍቶ አንድ ገጽ እንዲያነብ አደርገዋለሁ። የማያውቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋል። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ከታጠፉ መጽሐፉ ለብቻው ይከብደዋል፤ አብሮት የሚያነብ ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ከተጻፉ ልብ ወለዶች ውስጥ ሥነ ምግባር ለሚጠይቁ እናቶች ቀድሜ የማነሣው የኢ. ቢ. ዋይትን «ቻርሎትስ ዌብ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመ። ሽፋኑን ሲያዩ «አሳማ ነው እንዴ?» ብለው የሚያፈገፍጉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሊታረድ የተፈረደበትን የአሳማ ግልገል አንዲት ሸረሪት በድሯ ላይ ስለ እሱ ቃላት እየጻፈች ልታድነው ትነሣለች። ስለ ጓደኝነት የሚሰብክ የለም፤ ሸረሪቷ ሌሊት ሌሊት ሥራዋን ትሠራለች፣ ልጁም ያያታል። አንዷን እናት «እርስዎ ቀድመው ሁለት ምዕራፍ ይሞክሩት፤ ካልወደዱት ይመልሱልኝ» አልኳቸው። በሁለት ሳምንቱ ልጃቸው ባዶ እጁን መጣ። «ሚስ፣ ቀኑን አራዝሚልን፤ እናቴ አልጨረሰችም» አለኝ።

ሁልጊዜ ግን አይሳካልኝም። ጀብዱ የሚወድ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረ። የካትሪን ፓተርሰንን «ብሪጅ ቱ ቴራቢቲያ» አንሥቼ «ጫካ አለው፣ ወንዝ አለው፣ ሁለት ልጆች የራሳቸውን ምናባዊ አገር ይፈጥራሉ» ብዬ ሰጠሁት። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። በአራተኛው ቀን መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ሚስ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ደራሲዋ መጽሐፉን የጻፈችው ወንድ ልጇ የስምንት ዓመት ጓደኛውን በመብረቅ ካጣ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሽልማት አግኝቷል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለልጁ የነገርኩት ስለ ጫካው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማልጥሰው ደንብ አለኝ፤ የመጽሐፉን መጨረሻ አልናገርም፣ ክብደቱን ግን እናገራለሁ። «ይሄ ያስለቅሳል፤ ስታነበው ቤት ውስጥ የምታወራው ሰው ይኑር» እላለሁ። ያ ልጅ ከወራት በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ለሌላ ልጅ ሲያሳየው ሰማሁት። «አሪፍ ነው፤ ግን ትነፋረቃለህ» አለው። ከእኔ አሳጥሮ ተናገረው።

እንግሊዝኛው ለማያስቸግራቸው የከተማችን ልጆች የኤልዛቤት ሌርድን «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» አላልፍም። ደራሲዋ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ያስተማረች ብሪታንያዊት ናት፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አባቱን ፈርቶ ከቤት የጠፋው የሀብታም ልጅ ዳኒና ተታሎ ገጠር ለከብት ጥበቃ የተሸጠው ማሞ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ይገናኛሉ። በመኪና ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች መጀመሪያ የሚይዙት የዳኒን ወገን ነው። ሲመልሱት ግን የሚጠይቁኝ ስለ ማሞ ነው።

ትልልቆቹስ? ልጁን አምጥቶ መኪናው ውስጥ የሚጠብቅ አንድ ሾፌር አባት ነበረ። ግባና አረፍ በል ስለው «እኔ ማንበብ ከተውኩ ቆየሁ፤ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው» አለኝ። የሊንዳ ሱ ፓርክን «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዎተር» ሰጠሁት። ቀጭን ነው፣ ዓረፍተ ነገሩም አጫጭር። እ.ኤ.አ. በ1985 ጦርነት ከመንደሩ ያፈናቀለው የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ በእግሩ ኢትዮጵያ ይገባል፤ ኋላም የጊሎን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ኬንያ ይጓዛል። ሳልቫ ዱት በእውን ያለ ሰው ነው፤ አድጎ በአገሩ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር የጀመረውም እሱ ነው። ሾፌሩ በአይሱዙ ጋምቤላ ሲመላለስ ኖሯል። «ጊሎን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ስደት እንዳየ ግን አላውቅም ነበር» አለኝ። በሳምንቱ ለራሱ ካርድ አወጣ።

እስካሁን የጠራኋቸው በሙሉ የእንግሊዝኛ መሆናቸውን ሳታስተውሉ አትቀሩም፤ ለዚህ ዕድሜ የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ስለማላገኝ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠራ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ማጣቱ ቆጭቶት የማሞ ቂሎን ተረት በሁለት ቋንቋ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2003ም አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ለትንንሾቹ የሚሆን የአማርኛ ተረት መደርደሪያዬ ላይ ጨምሯል። ከተረቱ የወጣ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ቀጥሎ የሚያገኘው የአዋቂ ልብ ወለድ ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የአንዱን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ በአማርኛ እተርክላቸውና ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ አቆማለሁ። «ከዚያስ?» ይላሉ። እንግሊዝኛ የሚችሉት መጽሐፉን ይሻሙበታል፤ የማይችሉት «ከዚያስ?»ን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ለእነዚህ ልጆች የሚጽፍና የሚተረጉም ሰው ቢገኝ አንባቢው ተዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው።

ወላጆች እስከዚያው ቅዳሜ ስትመጡ ለልጁ አንድ፣ ለራሳችሁም አንድ ውሰዱ። የምታነቡትን የሚያይ ልጅ ሥነ ምግባሩን ከገጹ ብቻ አይማርም። የውሰት ጊዜው ለሁላችሁም ሁለት ሳምንት ነው፤ «እናቴ አልጨረሰችም» ለሚል ልጅ ግን እናራዝማለን።