ከጓሮ የሚወጣው ፍግና በገንዘብ የሚገዛው ማዳበሪያ

መኸር በገባ ጊዜ ባለእርሻ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ኩንታል ገባ?» ተብሎ ነው። ስንት ወጥቶበት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም በዛሬው ገጻችን በፍግ የሚበቅለውንና በኬሚካል ማዳበሪያ የሚበቅለውን እህል በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ልንመረምር አሰብን።

በእንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ በሚባለው ስፍራ ጆን ቤኔት ሎውስ የተባሉ ባለርስት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1843 አንዱን ማሳ በተርታ ከፍለው፥ ለአንዱ ምንም ሳይሰጡ፥ ለአንዱ ፍግ፥ ለሌላውም ኬሚካል እየሰጡ ስንዴ ዘሩበት፤ ፈተናው እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። እኒህ ሰው የማዳበሪያ ፋብሪካ ባለቤት ስለ ነበሩ ለፍግ ያዳላሉ ተብለው አይታሙም። ሆኖም ፍግ የተሰጠው መሬት ለብዙ ዘመን ከኬሚካሉ እምብዛም ሳያንስ አፈራ። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር በየዓመቱ የተሰጠው ፍግ 350 ኩንታል ያህል ነው። ይህን የሚያህል ፍግ የሚሰጠው ከብትና ከብቱ የሚግጠው መስክ በሒሳቡ ካልገባ፥ ፍግ በነጻ ይገኛል ማለት ራስን ማታለል ነው።

በስዊስ አገርም በ1978 ተመሳሳይ ፈተና ተጀምሮ፥ የ21 ዓመቱ ውጤት በ2002 ታተመ። ያለ ኬሚካል የተመረተው ሰብል በአማካይ ከመቶ 20 ያህል አነሰ፤ ለማዳበሪያና ለኃይል የገባው ግን ከመቶ ከ34 እስከ 53 ቀነሰ። እንግዲህ በአንደኛው መንገድ 20 ኩንታል ቢገኝ በሁለተኛው 16 ይሆናል። ሽያጩ እንዲተካከል በ100 ብር የሚሸጠው ኩንታል 125 ብር ማውጣት አለበት፤ ይህ ካልሆነ ከማዳበሪያና ከመድኃኒት የተረፈው ገንዘብ የአራቱን ኩንታል ዋጋ መሸፈን አለበት። በአውሮፓ ከተሞች እንዲህ ያለውን እህል በብልጫ ዋጋ የሚገዛ አለ፤ በእኛ ገበያ ግን ጤፍ በንጣቱ እንጂ በአበቃቀሉ ሲጠየቅ አልሰማንም።

በአገራችን ሒሳቡ የሚጀምረው ከማድ ቤቱ ነው። እንጨት በተመናመነበት ደጋ እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆንና እንጀራ ይጋገርበታል። አመዱ ከፊሉን ጥቅም ቢያስቀርም፥ እህሉን የሚያፋፋው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይሄዳል። ባልየውም ክረምት ሲቃረብ ያንኑ ናይትሮጅን ከባሕር ማዶ በመጣ ዩሪያ መልክ በገንዘብ ይገዛዋል።

በትግራይ በ1996 በተጀመረው ሥራ፥ ቅጠልና ገለባ ከእበት ጋር በጉድጓድ አብላልተው ለማሳቸው የሰጡ ገበሬዎች፥ ምንም ካልተሰጠው መሬት እጥፍ ያህል፥ ከኬሚካሉም ያላነሰ እህል ማግኘታቸውን በ2007 የታተመው መግለጫ ያስረዳል። ጉልበቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ቁፋሮው፥ ማገላበጡ፥ ወደ ማሳ ማመላለሱ ሁሉ በቤተ ሰቡ ጫንቃ ላይ ነው፤ ውሃውንም የምትቀዳው ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ናት።

ባልየው ፍግ ለማሳው ከፈለገ፥ ለሚስቱ አስቀድሞ ሌላ ማገዶ ያግኝላት። ባሕር ዛፍ የሚተክሉ አሉ፤ ከማሳው ዳር ከሆነ ግን እህሉን ያቀጭጫል። እኛ ከእህሉ ርቆ በገደል አፋፍ ቢተከል፥ ለማድ ቤቱም ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ቢሠራ እንመርጣለን።