በወረርሽኝ ወቅት የእናቶች የጤና አገልግሎት እንዳይቋረጥ

ኮቪድ-19 በአገራችን መኖሩ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ ትኩረት ሁሉ ቫይረሱን ወደ መከላከል አዘንብሎ ነበር። እርግዝናና ወሊድ ግን ወረርሽኝ እስኪያልፍ አይጠብቁም። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በምዕራብ አፍሪካ ኢቦላ በተዛመተበት ጊዜ በርካታ እናቶች በሽታውን ፈርተው ከጤና ተቋም ርቀዋል፤ ሊድን ይችል የነበረ ሕይወትም ጠፍቷል። በአገራችን በጤና ተቋም የሚከናወን ወሊድ በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 26 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ጥናት ደግሞ 48 በመቶ ነበር። ይህ በብዙ ድካም የተገኘ ለውጥ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ሦስቱን መዘግየቶች መከላከል ያስፈልጋል።

አንደኛው መዘግየት፦ ለመወሰን

እናትን ለሞት ከሚዳርጉት ምክንያቶች ዋነኞቹ የደም መፍሰስና የደም ግፊት ናቸው። ሁለቱም ጊዜ አይሰጡም። ስለዚህ ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ ከታየ ባል፣ አማትና ሌሎች የቤተሰቡ አባላት ሳይመካከሩ ሊያድሩ አይገባም፤ እናቲቱን ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ አለባቸው፦

• ከማሕፀን ደም መፍሰስ
• ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ
• የፊትና የእጅ እብጠት
• መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት
• ከፍተኛ ትኩሳት
• ምጥ ሳይመጣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ
• የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ

ምልክት ባይኖርም የእርግዝና ክትትሉ ከ12ኛው ሳምንት በፊት ሊጀመርና ቢያንስ ስምንት ጊዜ ሊደረግ ይገባል።

ሁለተኛው መዘግየት፦ በጉዞ

በ2012 ዓ.ም. የሕዝብ ትራንስፖርት በግማሽ ጭነት እንዲሠራና ታሪፉም እንዲጨምር በተደረገበት ወቅት የገጠር እናት ችግር በርትቶ ነበር። በመሆኑም የወሊድ ዝግጅት በስምንተኛው ወር መጠናቀቅ አለበት። ቤተሰቡ ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ያስቀምጥ፤ የአምቡላንስና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ስልክ ይያዝ። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ዕድሩ ቃሬዛና ተሸካሚዎችን አስቀድሞ ያዘጋጅ። ቤቷ ከጤና ጣቢያ የራቀ እናት የመውለጃ ጊዜዋ ሲቃረብ በእናቶች ማቆያ ብትቆይ ይመረጣል። በማቆያውም አልጋዎች ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራራቁ፤ መስኮቶች ይከፈቱ፤ ጠያቂም አይብዛ።

ሦስተኛው መዘግየት፦ በጤና ተቋም

ተቋሙ በመግቢያው ላይ የእጅ መታጠቢያና የመለያ ቦታ ያዘጋጃል። ትኩሳት ወይም ሳል ያላት ነፍሰ ጡር ማስክ ተሰጥቷት በተለየ ክፍል ትስተናገዳለች እንጂ በምንም ምክንያት አትመለስም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና የማዋለድ አገልግሎት ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ ባለሙያዎች ለማኅበረሰቡ ደጋግመው ሊያስረዱ ይገባል፤ ክፍያ አለ ብላ ቤቷ የምትቀር እናት አሁንም አለችና።

ከወሊድ በኋላ

አራስ መጠየቅ መልካም ባህላችን ነው፤ ሆኖም በወረርሽኝ ወቅት ብዙ ሰው በአንድ ቤት ተሰብስቦ ገንፎ መብላቱ እናትንም ሕፃንንም ለአደጋ ያጋልጣል። ገንፎውን አድርሶ ከደጅ ተመርቆ መመለስ ይቻላል። በቫይረሱ የተያዘች እናት እጇን በሳሙና ታጥባና ማስክ አድርጋ ጡቷን ታጥባ፤ የእናት ጡት ወተት ለሕፃኑ ጥበቃ ነውና። ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሰባተኛው ቀንና በስድስተኛው ሳምንት የሚደረገው ክትትልም መቋረጥ የለበትም።

ስለ ኮቪድ-19 መረጃ ለማግኘት በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ። ከላይ የተዘረዘሩት የአደጋ ምልክቶች ሲታዩ ግን ቀንም ሆነ ሌሊት በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።