የአባት ጠመንጃና የዋኖስ አደን

ከአባት የተወረሰ ጠመንጃ በአገራችን እንዴት እንደሚከበር እናውቃለን። ቅባት ይቀባል፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቤቱን ያስከብራል። በአሜሪካ ገጠርም እንዲህ ያለ ፍቅር አለ። እዚያ አያት ለአባት፣ አባት ለልጅ የሚያወርሰው ብዙ ጊዜ ሾትገን የሚባለው የወፍ ማደኛ ነው። ከግድግዳ የሚወርድበትም ቀን የታወቀ ነው። በብዙዎቹ የአገሪቱ ግዛቶች የዋኖስ አደን የሚከፈተው ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ በእኛ ነሐሴ 26 ነው።

ዋኖስ የዱር ርግብ ናት። አዳኙ አጨዳው ባለቀ የሱፍ ወይም የበቆሎ ማሳ ዳር አድፍጦ ይቀመጣል። ወፎቹ ጠዋትና ወደ ማታ ፍሬ ለመልቀም ይመጣሉ። ሲመጡስ! አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እየተጠማዘዙ፣ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ነው። ስለዚህ አዳኙ ወፏ ላይ ሳይሆን ከፊቷ አስቀድሞ ይተኩሳል። ጥይቱም አንድ ድፍን እርሳስ አይደለም። በቀለሁ ውስጥ ከማሽላ ፍሬ የሚያንሱ ከ300 በላይ የእርሳስ ፍሬዎች አሉ፤ ከአፈሙዙ ሲወጡ እንደሚዘራ እህል ይበተናሉ። እንዲያም ሆኖ ብዙው ይስታል። ዝቅ ብላ የምትበር ወፍ ግን አትተኮስም። ለምን ቢባል፣ ከማሳው ማዶ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

በዚህ አደን ጠመንጃው ከ3 ጥይት በላይ እንዳይጎርስ የአሜሪካ ሕግ ይከለክላል። ባለ ሁለት አፈሙዙ አሮጌ ጠመንጃ ሁለት ብቻ ስለሚጎርስ ከሕግ ጋር አይጣላም። ጣጣው ከጥይቱ ነው።

እንዴት? የሾትገን ስፋት በቁጥር ይነገራል። አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ያህል እርሳስ ለ12 እኩል ድቡልቡል ቢከፈል፣ የአንዱ ድቡልቡል ስፋት 12 ቁጥር ይባላል። ለ20 ቢከፈል 20 ቁጥር ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል። አሁን አንድ ሰው ተሳስቶ የ20 ቁጥር ጥይት ለ12 ቁጥር ጠመንጃ አጎረሰ እንበል። ጥይቱ ሾልኮ ይገባና አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቀራል። ምላጩ ሲሳብ ዝም። ሰውየው ከፍቶ ቢያይ ባዶ ይመስለዋል፤ «ለካ አላጎረስኩም!» ብሎ 12 ቁጥሩን ከኋላ ይጨምርበታል። ሲተኩስ አፈሙዙ እዚያው እጁ አጠገብ ይፈነዳል። ጣት የሚያሳጣ አደጋ ነው። በዚህ ምክንያት ዛሬ የ20 ቁጥር ቀለህ በቢጫ ቀለም ይሠራል።

ሌላው ጣጣ የባሰ ስውር ነው። ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች የተሠሩት 65 ሚሊ ሜትር ለሚረዝም ቀለህ ነው። የዛሬው በብዛት 70 ነው። ታዲያ አይገባም እንዳትሉ፤ አፉ ታጥፎ ስለተዘጋ ይገባል። ሲተኮስ ግን አፉ ይዘረጋል፣ ቦታው ያጥረዋል፣ የእርሳሱን መውጫ ያጠብባል፣ ግፊቱም ይጨምራል። በዚያ ላይ የጥንቱ አፈሙዝ ብረት ከብረት ተጠምዝዞ፣ በእሳት ተቀጥቅጦ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ላዩ እንደ ጥለት ያምራል፤ የደማስቆ አፈሙዝ ይሉታል። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ውስጡን ዝገት በልቶት እንደሆነም ከውጭ አይታይም።

ታዲያ ወራሹ ምን ያድርግ? ከመተኮሱ በፊት ለጠመንጃ ሠሪ ያሳየው። ሠሪው ርዝመቱን ይለካል፣ የአፈሙዙን ውፍረት ይመረምራል። «ለቀላል ጥይት ይሆናል» ካለ መልካም። «አይተኮስም» ካለ ግን ልብ ቢሰበርም ወደ ግድግዳው ይመለስ፤ ልጁም በሌላ ጠመንጃ ያድን። ቅባቱና ጨርቁ ግን አይቅርበት።