«ቁጠባ» ወይስ «ብቃት»? ስለ ኃይል አጠቃቀምና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የምንገለገልባቸው ስያሜዎች

አንድ ሙያዊ ስያሜ ተስማሚ ነው የሚባለው ሦስት ግዴታዎችን ሲያሟላ ነው። አንደኛ፣ ፅንሰ ሐሳቡን ከጎረቤት ፅንሰ ሐሳቦች ለይቶ ማሳየት አለበት። ሁለተኛ፣ በቋንቋው የርባታ ሥርዐት መሠረት ግስም ቅጽልም ሊገኝለት ይገባል። ሦስተኛ፣ ነገሩ የሚመለከተው ሰው ሲሰማው ወደ ሌላ ትርጉም የሚመራው መሆን የለበትም። በዚህ ጽሑፍ እንግሊዝኛው «ኢነርጂ ኤፊሸንሲ» ለሚለው ፅንሰ ሐሳብ በአማርኛ የሚሰጡትን ስያሜዎች በእነዚህ ሦስት መመዘኛዎች እንመረምራለን፤ አጠገቡ ያሉትን ጥቂት የአየር ንብረት ቃላትም ጨምረን እናያለን።

ፅንሰ ሐሳቡ በአጭሩ፣ አንድን ሥራ በዐይነትም በመጠንም ሳያጓድሉ በአነስተኛ ኃይል መፈጸም ነው። ለምሳሌ 20 እንጀራ ለመጋገር አንድ እስር እንጨት ይፈጅ የነበረ ቤት ያንኑ 20 እንጀራ በግማሽ እስር ቢጋግር ፅንሰ ሐሳቡ በሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። 10 እንጀራ ብቻ ጋግሮ ግማሽ እስር ቢያስተርፍ ግን ያደረገው ነገር ሌላ ነው። በሁለቱም ቤት የተረፈው እንጨት እኩል ነው፤ በመሶቡ ያለው እንጀራ ግን እኩል አይደለም። ስያሜያችን ይህን ልዩነት ካላሳየ ሥራውን አልሠራም።

ልዩነቱ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቶ ኢትዮጵያ በ1994 አጽድቃዋለች፤ የ2015ቱን የፓሪስ ስምምነት ደግሞ በ2017 አጽድቃለች። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ዱባይ ላይ በተደረገው 28ኛው የአባል አገሮች ጉባኤ፣ እስከ 2030 ድረስ በዓለም ያለው የታዳሽ ኃይል አቅም በሦስት እጥፍ እንዲያድግና፣ እኛ ስያሜ የምንፈልግለት ነገር የሚሻሻልበት ዓመታዊ ፍጥነት በእጥፍ እንዲጨምር ጥሪ ቀርቧል። በዚያው ጊዜ ከ100 በላይ አገሮች በተቀበሉት የቃል ኪዳን ሰነድ፣ ፍጥነቱ በዓመት ከ2 በመቶ ገደማ ከ4 በመቶ በላይ እንዲደርስ ታቅዷል። ይህን ዐረፍተ ነገር «የኃይል ቁጠባን በእጥፍ ማሳደግ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። መጀመሪያ፣ በአነስተኛ ኃይል መሥራትን ከመተው ጋር ያምታታል። ቀጥሎም በእጥፍ እንዲጨምር የተጠየቀው የመሻሻሉ ፍጥነት መሆኑን ስቶ፣ ነገሩ ራሱ እጥፍ ይሁን የተባለ ያስመስላል።

የአማርኛው ቃል የሕግ ክብደትም አለው። የተባበሩት መንግሥታት ይፋዊ ቋንቋዎች 6 ሲሆኑ አማርኛ ከእነርሱ አንዱ አይደለም፤ ስለዚህ የስምምነቶቹ መነሻ ጽሑፍ በአማርኛ አይገኝም። በሌላ በኩል፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። የፌዴራል ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲታተሙ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢፈጠር የሚጸናው አማርኛው ነው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የታተመውም በዚሁ ሥርዐት ነው። እንግዲህ ተርጓሚው በግርድፉ የመረጠው ቃል፣ ዳኛም ባለሥልጣንም የሚይዘው ቃል ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አሁን በጽሑፍም በንግግርም የሚገኙትን ስያሜዎች በየተራ እንያቸው።

«ቁጠባ» እጅግ የተለመደው ነው። ቆጠበ ማለት ያለውን ሳያወጣ አስቀረ፣ ከማውጣት ተገታ ማለት ነው፤ «ገንዘብ ቆጠበ»፣ «ቃሉን ቆጠበ»፣ «ራሱን ከክፉ ቆጠበ» እንላለን። በሁሉም ውስጥ የመተው ፍሬ ነገር አለ። ስለዚህ ቃሉ ለ10 እንጀራው ቤት እንጂ ለ20 እንጀራው ቤት አይስማማም።

«ውጤታማነት» የታሰበው ግብ መድረሱን ይናገራል፤ ስንት እንደ ወጣበት ግን አይናገርም። አንድ ጋሪ እንጨት አንድዶ አንድ ጀበና ቡና ያፈላ ሰው ውጤታማ ነው፤ ቡናው ፈልቷልና።

«ቅልጥፍና» በመሠረቱ የፍጥነትና የአለመሰናከል ቃል ነው። ቀልጣፋ ጋጋሪ ቶሎ ትጨርሳለች፤ ማገዶዋ ግን ያነሰም የበዛም ሊሆን ይችላል።

«ብቃት» ሥሩ በቃ ነው። ይህ ግስ «ጥቂቱ ለብዙ በቃ» ስለሚያሰኝ ከታሰበው ፅንሰ ሐሳብ ጋር ዝምድና አለው። ችግሩ «የኃይል ብቃት» ብለን ብቻችንን ስንተወው ነው፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ራሱ ለአገሩ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚል ሌላ ጥያቄ ይመስላል፤ ይህም በመብራት ሥራ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በመካከሉ «አጠቃቀም» ሲገባ ግን ብቃቱ የአጠቃቀሙ እንጂ የኃይሉ አለመሆኑ ይለያል።

ሦስተኛውን መመዘኛ በጠረጴዛ ላይ ብቻ መፈተን ስለማይቻል፣ ይህ ጸሐፊ ጥያቄውን ይዞ ወደ አርብ ገበያ ወርዶ ነበር። አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት። ወረዳው ከደጋ ተነሥቶ ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርድ ተዳፋት አገር ሲሆን፣ ጋይንት የ1977ን ድርቅ ያሳለፈ፣ ዝናብ ሲዘገይ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሕዝብ የሚኖርበት ነው። ጫካው ስለ ሳሳ ብዙው ቤት የሚያነደው ጭራሮ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ኩበት ነው። ኩበቱ በነደደ ቁጥር ደግሞ ማሳው ፍግ ያጣል።

በገበያው ዳር ያገኘናቸውን አንዲት አረጋዊት «ኃይል መቆጠብ ያስፈልጋል ቢባሉ ምን ይላሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ ምኑን ልቆጥብ? እንጀራውን ላሳንስ?» አሉን። ጥቂት ቆይተን ቤታቸው ስላለችው ምድጃ ስናነሣባቸው ግን ፊታቸው ፈታ አለ፤ «እሷማ ማገዶ አትፈጅም፤ ጭራሮው ይበረክትልኛል» አሉ።

ሁለቱ መልሶች የዚህን ጽሑፍ ነገር በሙሉ ይዘዋል። «ቁጠባ» በዚያ ጆሮ ተግሣጽ ነው፤ ከድኻ ጉሮሮ ላይ ቀንስ የሚል ትእዛዝ ነው። የ1992ቱ ስምምነት አገሮች የጋራ፣ ነገር ግን እንደ አቅማቸው የተለያየ ኃላፊነት እንዳለባቸው ደንግጓል። ከዓለም ልቀት እጅግ ትንሽ ድርሻ ላለው ሕዝብ «ቆጥብ» ብሎ ማስተርጎም የስምምነቱን መንፈስ መገልበጥ ይሆናል። «ይበረክታል» ግን ፅንሰ ሐሳቡን ራሱን ይገልጻል። ዱቄት ይበረክታል፣ ሳሙና ይበረክታል፤ ጥቂት ሆኖ ሳለ ብዙ ይሠራል፣ ቶሎም አያልቅም። ታዲያ ለምን ስያሜውን ከዚህ አናወጣም? እንቅፋቱ ርባታው ነው። አበረከተ ገጸ በረከት አቀረበ ወደ ማለት ሄዷል፤ «አበርክቶ» ደግሞ አገሮች በፓሪስ ስምምነት መሠረት ለሚያቀርቡት የየራሳቸው ድርሻ እያገለገለ ነው። «በርካታ» ብዙ ማለት ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ግሱ ለማብራሪያ እንጂ ለስም አይመችም።

አንባቢ «ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ» እና «ኃይል ቆጣቢ አምፖል» የሚሉትን አስታውሶ፣ በእነዚህ ላይ ማንም አልተደናገረም ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ምክንያቱም ሰዋስዋዊ ነው። በእነዚህ ሐረጎች ቆጣቢው ዕቃው ነው። ዕቃ ከፍላጎት ሊገታ ስለማይችል፣ ሰሚው «በአነስተኛ ማገዶ ያንኑ የሚሠራ» የሚለውን ትርጉም በራሱ ያገኛል። አድራጊው ሰው ሲሆን ግን የመተው ትርጉም ይመለሳል። «ቆጣቢ ምድጃ» እና «ቆጣቢ ሴት» አንድ ቅጽል ይዘው ሁለት ነገር የሚናገሩት ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራጩት ምድጃዎች የወጣላቸው ስምም ልብ ሊባል ይገባል። በአሸዋና በሲሚንቶ ተሠርታ የእንጀራ ምጣዱን ዙሪያ የምትዘጋው «ምርጥ» ተባለች፤ የከሰሏ «ላቀች» ተባለች፤ ከዚያ በኋላ ለወጥ የመጣችው «ትክክል» ተባለች። ምርጥ በሦስት ጉልቻ ከሚነድ እሳት ጋር ስትነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ታስቀራለች። ስሞቹ ሁሉ ምስጋና ናቸው፤ የተመሰገኑበትን ምክንያት ግን አይናገሩም። ያም ሆኖ በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ስትራቴጂ የተሻሻሉ ምድጃዎችን ቀዳሚ ትኩረት ከሰጣቸው ሥራዎች መካከል አስገብቷቸዋል።

«ላቀች» ወደ ሌላ ጥንቃቄ ትመራናለች። ከላቀ የሚወጣው «ልቀት» ብልጫ ነው፤ ከለቀቀ የሚወጣው «ልቀት» ወደ አየር የሚወጣ ጋዝ ነው። የመጀመሪያው «ቀ» ይላላል፣ የሁለተኛው ይጠብቃል፤ ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ በጽሑፍ አንድ ይሆናሉ። «የልቀት ማእከል» የሚል ርእስ ያየ አንባቢ የጢስ ማውጫ ቢመስለው አይፈረድበትም። ለብልጫው በግእዙ ልህቀ መሠረት «ልህቀት» ብንጽፍ፣ ለጋዙ «ልቀት» ነጻ ይሆናል።

«የአየር ንብረት»ም ማስታወሻ ይሻል። አየር ከግሪክ በግእዝ በኩል የመጣ ነው። ንብረት ከነበረ ወጥቶ በጥንቱ አኗኗርን፣ ሁኔታን ያመለክታል፤ በዛሬው አማርኛ ግን ሀብት ማለት ሆኗል። ስያሜው ስለ ጸና መቀየር አያስፈልገውም። ለገበሬ ሲነገር ግን እርሱ ራሱ የሚለውን፣ «ዘመኑ ተለወጠ»፣ «በልጉ ቀረ»፣ «ክረምቱ ዘገየ» የሚለውን አስቀድሞ ማስከተሉ ይረዳል።

የአንድ ቃል ክብደት ስንት እንደ ሆነ የፓሪሱ ጉባኤ ራሱ ምስክር ነው። በመጨረሻው ሰዓት የበለጸጉ አገሮችን የልቀት ቅነሳ የሚመለከተው ዐንቀጽ ግዴታን የሚያመለክት ረዳት ግስ ይዞ በመገኘቱ ስብሰባው ዘግይቶ፣ ግሱ ምክርን በሚያመለክት ሌላ ግስ ተተክቷል። በእኛ «ይገባል» ሁለቱንም ሊሸከም ስለሚችል፣ ለግዴታው «አለባቸው»ን፣ ለምክሩ «ቢያደርጉ ይገባል»ን ለይቶ መጠቀም የተርጓሚው ፈንታ ነው።

ከዚህ በላይ ከተባለው በመነሣት የሚከተለው ሐሳብ ይቀርባል። በሕግና በስምምነት ጽሑፍ ለፅንሰ ሐሳቡ «የኃይል አጠቃቀም ብቃት» ይባል። «ቁጠባ» ፍጆታን ለመተው ወይም ለመቀነስ ብቻ ይጠበቅ። «ቆጣቢ» የዕቃ ቅጽል ሆኖ እንደ ተለመደው ይቀጥል። ለሕዝብ በሚነገር ማብራሪያ ስያሜው ብቻውን አይጣል፤ «ይበረክታል» እና «አይፈጅም» ይከተሉት።

32ኛው የአባል አገሮች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወስኗል። በዚያን ጊዜ ከየአዳራሹ የሚወጣው ቃል በየሬዲዮው ተተርጉሞ አርብ ገበያ ይደርሳል። የሚደርሳቸው ቃል እንጀራቸውን የሚያሳንስ ሳይሆን ጭራሯቸውን የሚያበረክት መሆኑ እንዲሰማቸው፣ ስያሜውን ከወዲሁ ተመካክሮ ማጽናት ይበጃል።