ዘፈኑ ጊዳ አያና ደርሷል፤ ክፍያውስ?

ወለጋ፣ ጊዳ አያና ውስጥ ከመንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ አንድ ወጣት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ዘፈን ይጭናል። ደንበኛው ሚሞሪ ካርዱን ይሰጣል፤ ወጣቱ በድምፃውያን ስም ከተደረደሩት ፎልደሮች አንዱን ሙሉውን ይገለብጥለታል። «ኦቦ፣ የድሮ ይሁን የአሁን?» ሲለኝ፣ ለዘፋኙ ምን እንደሚደርሰው ጠየቅሁት። መልስ አልነበረውም።

ለሙዚቀኛው ማን ይቆማል የሚለው ጥያቄ አሮጌ ነው። በ1927 ሕዝቡን ለአገር መከላከል ለማነሣሣት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ያዘ። አምሐ እሸቴ በ1961 አምሐ ሪከርድስን አቋቁሞ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሕንድ አሳትሞ ሲያስመጣ ያንን ብቸኛ መብት በድፍረት ጣሰ። ያ ድፍረት ዘመናዊውን ሙዚቃችንን አተረፈልን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ለደራሲ መብት ሰጥቶ ነበር፤ ካሴት በየሱቁ መገልበጥ ሲጀምር ግን ያስቆመው አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሙዚቀኞችና አሳታሚዎች አዲስ ካሴት ማውጣት እስከማቆም ደረሱ።

ከዚያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መጣ፤ መብትን ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይታሰራል አለ። ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ሥራው በተጠቀሙበት ቁጥር ለባለቤቱ የሚከፈለውን ሮያሊቲ ለሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር ማኅበር መንገድ ከፈተ።

ነቀምቴ ያገኘሁት አንጋፋ ድምፃዊ ይህን ሁሉ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ማስተሩን አንዴ ሸጥኩት፣ አለቀ» አለኝ። «አውቶቡስ ውስጥ ዘፈኔን ሰምቼ ሂሳብ ከፍዬ እወርዳለሁ። ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ባትሪ እገዛለሁ። ማኅበር አለ ይሉኛል፤ ማኅበሩ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ እኔ ያለሁት ወለጋ።» ጉዳዩን ያቀረብኩላቸው አንድ ኃላፊ ደግሞ ጥያቄውን በደብዳቤ እንዳመጣ ነገሩኝ፤ ለደብዳቤውም መልስ አልሰጡም።

ሱቁ ውስጥ ያለውን ልጅ ማሰር መፍትሔ አይመስለኝም። ከእሱ ይልቅ ሆቴሉ፣ አውቶቡሱና ሬዲዮ ጣቢያው ይክፈሉ። የሙዚቃ ማኅበራትም ነቀምቴ መጥተው፣ በአፋን ኦሮሞ አስረድተው፣ ድምፃውያኑን አባል ያድርጉ። መብቱ ሥራው ሲፈጠር አብሮ የሚገኝ ነው፤ ሕጉ ምዝገባን ቅድመ ሁኔታ አላደረገም። የሚቀረው ገንዘቡን ሰብስቦ ለባለቤቱ ማድረስ ነው።