መልቲሜትሩ «12 ቮልት» ሲል፦ የመኪና አላርምና የሪሞት ማስነሻ ሽቦዎችን ብልሽት ስለ መፈለግ

እንደሚታወቀው በሀገራችን መንገዶች ላይ ከሚንቀሳቀሱት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ በርካታ ዓመታት ያገለገሉ በመሆናቸው አላርም የሚገጠምላቸው ከተገዙ በኋላ ነው። ባለሙያው ከዳሽቦርዱ ሥር የሚፈልጋቸውን ሽቦዎች ፈልጎ ያገኛል፣ ይቀጥላል፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ይመልሳቸዋል። በማግሥቱ ግን አላርሙ ያለ ምክንያት ይጮኻል፤ ወይም የሳይረኑ ድምፅ ይሰልላል፤ ወይም ሞተሩ በሪሞት ይነሣና ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ይጠፋል። በዚህን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው የተገዛው ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው ከመቀየሩ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የኦም ሕግ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የተለመደ እንቆቅልሽ እንመልከት። ዲጂታል መልቲሜትር የሽቦውን ጫፍ ሲነካ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ይህም በደንብ የተሞላ ባትሪ የሚሰጠው ቮልቴጅ ነው። አላርሙ በዚያው ሽቦ ላይ ሲገናኝ ግን አይሠራም። መልቲሜትሩ ዋሽቷልን? አልዋሸም። የመልቲሜትሩ የውስጥ ሬዚስታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመግታት ባሕርዩ፣ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ስለሆነ የሚያሳልፈው ፍሰት እጅግ ኢምንት ነው። በመንገዱ ላይ 1,000 ኦም ያለው የዛገ መጋጠሚያ ቢኖር እንኳ በዚያ መጋጠሚያ ላይ የሚጠፋው ከ2 ሚሊቮልት ያነሰ ነው። በመልቲሜትሩ ፈንታ ባለ 5 ዋት አምፖል ብናገናኝ ግን የአምፖሉ ሬዚስታንስ በርቶ ሳለ 30 ኦም ገደማ በመሆኑ ለእርሱ የሚደርሰው ከግማሽ ቮልት ያነሰ ይሆናል። ቀሪውን ዝገቱ ይበላዋል።

ስለዚህ ትክክለኛው ልኬት የሚወሰደው ዕቃው ሥራ ላይ ሳለ ነው። ሳይረኑ እየጮኸ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በአላርሙ ጥቁር ሽቦ ላይ ማድረግ ይገባል። ንባቡ ከጥቂት አሥረኛ ቮልት ካልበለጠ ግራውንዱ ጤነኛ ነው። 2 ቮልት ከታየ ግን ጥቁሩ ሽቦ ከሻሲው ጋር በወጉ አልተገናኘም ማለት ነው። የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ቡሎኑ የታሰረው በቀለም በተሸፈነ ብረት ላይ ነው፣ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ መፋቅ አለበት። (የኤሌክትሪክ መኪና ያለው አንባቢ ይህ አይመለከተኝም እንዳይል፤ የእርሱም መኪና አላርሙንና መብራቱን የሚያሠራው ባለ 12 ቮልት መስመር ነው።)

ወፍራሞቹ የማስነሻ ሽቦዎች ላይ ስሕተቱ የከፋ ይሆናል። 10 አምፔር በሚያልፍበት መስመር ላይ የግማሽ ኦም መጋጠሚያ 5 ቮልት ያጠፋል፤ በዚያች ነጥብም 50 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ናስትሮ ይህን አይችልም። እነዚህን ሽቦዎች በእጅ ጠምዝዞ ከመተው በስታኞ መበየድ፣ ፊውዛቸውንም ወደ ባትሪው ማቅረብ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ባለሙያዎች መልቲሜትሩን ትተው በአምፖል ብቻ መፈተሽን ይመርጣሉ። ከላይ ካልነው አንጻር ምክንያት አላቸው፤ ነገር ግን አምፖሉ የሚስበው ፍሰት ለኮምፒዩተር ሽቦዎች ሊበዛ ይችላል። በተለይ የኤርባግ ሽቦዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ በቢጫ ሽፋን የሚታወቁት፣ በአምፖልም ሆነ በመልቲሜትር ጨርሶ ሊነኩ አይገባም። ኤርባግን የሚያፈነዳው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነውና።

የቁልፉን ሽቦዎች ለመለየት የኬብሉን ቀለም ማመን አይበቃም፤ ቁልፉን እያዞሩ መለካት ይሻላል። ዘወትር 12 ቮልት ያለበት የባትሪው መስመር ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ 12 ቮልት የሚታይበት የማስነሻው ነው። የሚያምታቱት የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱም ቁልፉ ሲከፈት ቮልቴጅ ያገኛሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ሞተሪኖው በሚዞርበት ቅጽበት ነው፤ የሬዲዮውና የመሳሰሉት መስመር ወደ ዜሮ ሲወርድ የሞተሩ ዋና መስመር ሳይቋረጥ ይቀጥላል። እነዚህ ሁለቱ ከተቀያየሩ ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አይነሣም።

ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው ሲጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ለአዳዲስ መኪኖች ኢሞቢላይዘር ግዴታ ሆኗል፤ በሌሎች ገበያዎች የተሸጡ ብዙ መኪኖችም አላቸው። በቁልፉ እጀታ ውስጥ ባትሪ የሌላት ትንሽ ቺፕ አለች። በቁልፉ መግቢያ ዙሪያ የተጠመጠመው ሽቦ በሴኮንድ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚለዋወጥ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፤ ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ባገኘው የኢንዳክሽን ሕግ መሠረትም በቺፕዋ ጥምጥም ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ቺፕዋ በዚህ ጉልበት ነቅታ መለያ ኮዷን ትልካለች። ኮዱ ካልደረሰው ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ያጠፋዋል፤ በሪሞት ሲነሣ ደግሞ ቁልፉ በቦታው የለም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ትክክለኛውን ቁልፍ ሳያዞሩ በመግቢያው ውስጥ አስገብቶ ሪሞቱን መጫን ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ ከቀጠለ የሽቦው ሥራ ልክ ነው፤ የጎደለው ከኢሞቢላይዘሩ ጋር የሚያግባባው ተጨማሪ ዕቃ ነው። ትርፍ ቁልፉን ከዳሽቦርዱ ሥር ደብቆ መተው የተለመደ «መፍትሔ» ቢሆንም በእኔ አስተያየት የቤትን ቁልፍ ከደጅ ምንጣፍ ሥር ከማስቀመጥ አይለይም።

ያለ ምክንያት የሚጮኽ አላርም ብዙ ጊዜ የበሩ ሽቦ ጉዳይ ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች በሩ ሲከፈት ሽቦው ከሻሲው ጋር ይገናኛል፤ በአንዳንድ መኪኖች ግን 12 ቮልት ይመጣበታል። አላርሙ የትኛውን እንደሚጠብቅ ሳይታወቅ መገጠም የለበትም።

ባትሪው በሳምንት ውስጥ ካለቀ ሒሳቡ አጭር ነው። 20 ሚሊአምፔር የሚስብ አላርም 45 አምፔር-ሰዓት ያለውን ባትሪ ለመጨረስ በሒሳብ ደረጃ 94 ቀን ያህል ይወስድበታል፤ በስሕተት 300 ሚሊአምፔር ከተሳበ ግን 6 ቀን ይበቃል። ሲለካ የመኪናው ኮምፒዩተሮች እስኪያርፉ ድረስ በርን ዘግቶ መታገሥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በእጅ ማርሽ የሚሠሩ መኪኖች ናቸው። ሹፌሮቻችን ዳገት ላይ መኪናውን በማርሽ ማቆም ልማዳቸው ነው። በማርሽ ላይ ያለ መኪና በሪሞት ሲነሣ ሞተሪኖው ራሱ ወደ ፊት ያስፈነጥረዋል፤ በግቢ ውስጥ ሕፃን ከፊቱ ሲጫወት ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ለእንዲህ ያለ መኪና የሪሞት ማስነሻ እንዲገጠም አልመክርም። አውቶማቲክ በሆነው ላይም የኮፈኑና የፍሬኑ መከላከያ ሽቦዎች «ትርፍ» ተብለው ሊታለፉ አይገባም። ሥራው ሲያልቅ መኪናው ደልዳላና ገላጣ ቦታ ላይ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ ይቁም። ኮፈኑ ተከፍቶ ሪሞቱ ይጫን፤ ከዚያም ኮፈኑ ተዘግቶ የእግር ፍሬን እንደተረገጠ እንደገና ይጫን። ከሁለቱ በአንዱ ሞተሩ ከተነሣ ሥራው አላለቀም፤ ሪሞቱም ለባለቤቱ አይሰጥም።