ከምድር በታች ያለው ሒሳብ

በሐረር ከተማ በአቦከር፣ ጀሪካን ደርድረው ከቧንቧ አጠገብ ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን ያየ ሁሉ የውኃን ነገር ያለ መጽሐፍ ይማራል። የሐረርን ጥም ለብዙ ዘመን ያረካ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ፤ ውሎ አድሮም ከተማዋ በድሬዳዋ አቅጣጫ ካሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ሽቅብ የሚገፋ ውኃ ትጠጣ ጀመር። ከሐይቅ ሲቀዳ ጉድለቱ በዓይን ይታይ ነበር፤ ከጉድጓድ ሲቀዳ ግን ዓይን አይረዳም።

ይህን የሚመስል ጭንቀት ሌላውን ዓለም በተገላቢጦሽ ገጥሞታል። እዚያ የሚፈለገው ማውጣት ሳይሆን መክተት ነው፤ ይኸውም ምድርን የሚያሞቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አምቆ፣ ለመጠጥ የማይሆን ጨዋማ ውኃ ወዳዘለ ጥልቅ አለት መስደድ ነው። ጋዙ ከጨዋማው ውኃ ስለሚቀል ሽቅብ ይወጣል፤ የሚያግደውም እንደ ክዳን ከላይ የተጋደመው ጥቅጥቅ አለት ነው።

ከተከተተ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚተነብየው ኮምፒዩተር ነው። አለቱን በሐሳብ እንደ ጡብ በብዙ ሺሕ ክፍል ከፋፍሎ፣ ከአንዱ ጡብ ወደ ሌላው ስንት እንደሚያልፍ ያሰላል። እኛን ያስደነቀን ግን የሒሳቡ ትውልድ ነው። ውኃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1856 ያወጣው፣ ስለ ዲዦን ከተማ የሕዝብ ውኃ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነበር። የጋዙ ሒሳብ የአቦከር ቧንቧ ዘመድ ነው ብንል አንዋሽም።

ዳሩ ግን ኮምፒዩተር የነገሩትን እንጂ ያልነገሩትን አያውቅም። በአልጄሪያ በረሐ በኢን ሳላሕ፣ በዚያው አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ፣ 1,900 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው አለት ውስጥ ጋዝ ሲከተት ምድሪቱ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ማለቷን ሳተላይት አየ። በአንዱ ጉድጓድ ላይ እብጠቱ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት ጉብታዎች መልክ ስለ ነበረው በጥልቁ ስንጥቅ መኖሩ ተጠረጠረ፤ ሊቃውንቱም ሒሳባቸውን እንደገና ሠሩ። 3.8 ሚሊዮን ቶን ያህል ከተከተተ በኋላ፣ ለክዳኑ አለት ተሰግቶ በ2011 ሥራው ቆመ። እኛ ይህን እንደ ውርደት አንቆጥረውም፤ ባይለካ ኖሮ ማንም ባላወቀ ነበርና።

የከርሰ ምድር ውኃን የሚያሰላው ኮምፒዩተርም በዚያው በዳርሲ ሕግ ይሠራል። የሚመገበው የዝናቡ መጠን፣ የተቀዳው ውኃ ብዛትና በየጊዜው የተለካ የጉድጓድ ውኃ ከፍታ ነው። ከፍታውን ለመለካት ገመድ፣ ደብተርና ወር በወር ከጉድጓዱ አፍ የማይቀር አንድ ሰው ይበቃል። ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣን ሰዎች ግን፣ እኛንም ጨምሮ፣ ከጉድጓዱ አፍ ይልቅ ከኮምፒዩተሩ ፊት መቀመጥ ይቀናናል።